ውጤት የሚለቀቅበት ሰዓት፦ ድረ ገጽ ለምን ይጨናነቃል፣ በምንስ ይፈጥናል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ተለቀቀ በተባለበት ሰዓት ሀዋሳ ውስጥ ስልኩን የማይጎረጉር ሰው ማግኘት ይከብዳል። ተፈታኙ ብቻ አይደለም፤ እናት፣ አጎት፣ ጎረቤት፣ ይርጋለምና ዲላ ያለ ዘመድ ሳይቀር ያንኑ የፈተና ቁጥር ያስገባል። ገጹ ይዞራል። ትንሽ የጠበቀ ሰው እንደገና ይጫነዋል፤ አሁንም ይዞራል። ከመናኸሪያ እስከ አሞራ ገደል ያለው ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፦ «ኔትወርክ የለም»። ቢሮ ቢኬድ ደግሞ «ሲስተም የለም» ይባላል።

ሁለቱም አባባሎች ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ አይነግሩንም። ኔትወርኩ የሚደክምበት ጊዜ አለ፤ አይካድም። ነገር ግን ድረ ገጾች የሚዘገዩበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ገጹን የሚያቀርበው ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የምንለው፣ አንድ ጊዜ ሠርቶ ሊያስቀምጠው የሚችለውን ሥራ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ደግሞ አዲስ ማሽን ሳይገዛ፣ በአብዛኛው በነፃ ሶፍትዌር ሊስተካከል ይችላል። የሆቴል ባለቤት፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ይህን ማወቅ አለበት የምለው፣ «ሰርቨሩ አነሰ» ተብሎ የማያስፈልግ ገንዘብ ሲወጣ በተደጋጋሚ ስለሚታይ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። በ2017 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናውን የወሰዱት ከ585 ሺህ በላይ ተማሪዎች ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ840 ሺህ ይበልጡ ነበር። አነስተኛውን ቁጥር እንያዝ። ተማሪውና ዘመዱ ተደምረው በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 5 ጊዜ ቢሞክሩ፣ በሰከንድ ከ800 በላይ ጥያቄ ይመጣል። አሁን ደግሞ አንዱን የውጤት ገጽ ለማዘጋጀት 200 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አምስተኛ የሚፈጅበት ሰርቨር አለ እንበል። አንድ ፕሮሰሰር በሰከንድ 5 ገጽ ያዘጋጃል፤ ስምንት ፕሮሰሰር ቢኖረው 40። ከ800ው 40 ብቻ ይስተናገዳል፤ ቀሪው ይሰለፋል። የተሰለፈው ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ ደግሞ ይጫናል። የቀድሞው ጥያቄው ግን ብዙ ጊዜ ከሰልፉ አይወጣም፤ ሰርቨሩ ማንም የማይጠብቀውን ገጽ ማዘጋጀቱን ይቀጥላል። ጥያቄው በጨመረ ቁጥር መልስ የሚያገኘው ሰው የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው።

መንገዱና ማሽኑ

አንድ ገጽ እስኪከፈት የሚፈጀው ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፦ ጥያቄውና መልሱ በመንገድ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ፣ እና ሰርቨሩ መልሱን ለማዘጋጀት የሚያጠፋው ጊዜ። መድኃኒታቸው የተለያየ ስለሆነ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

መንገዱን በአጭሩ ልጨርሰው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን የሚጓዘው በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ካለ፣ ከሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ደርሶ መልሱ በርቀቱ ብቻ ቢታሰብ 3 ሚሊ ሰከንድ አይሞላም። ርካሽ ሆስቲንግ የሚገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያለ ማሽን ነው። አገራችን ባሕር የላትም፤ ኢንተርኔታችን በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ወጥቶ ነው የባሕር ውስጥ ገመዶችን የሚያገኘው። በቀይ ባሕር፣ በግብፅና በሜዲትራኒያን አድርጎ 8 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ደርሶ መልሱ ከ80 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። በተግባር ከዚህ በጣም ይበልጣል።

80 ሚሊ ሰከንድ ዓይን ከመጨፈን አይበልጥም ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን በአንድ ደርሶ መልስ አያልቅም። ስልኩ መጀመሪያ የድረ ገጹን አድራሻ ያጠያይቃል፤ ቀጥሎ ግንኙነት ይከፍታል፤ ከዚያ ምስጢራዊ ቁልፍ ይለዋወጣል፤ ገጹን የሚጠይቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ገጹ ሲመጣ ደግሞ ምስሎቹን፣ የመልክ ፋይሎቹንና ሌላውን ገና ሊጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደቀው ቲኤልኤስ 1.3 የቁልፍ ልውውጡን ከሁለት ዙር ወደ አንድ አውርዶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣው ኤችቲቲፒ/2 ደግሞ ብዙ ፋይሎች በአንድ ግንኙነት ላይ ጎን ለጎን እንዲመጡ ያደርጋል። ሁለቱንም ሰርቨሩ ላይ መክፈት የጥቂት መስመር ሥራ ነው፤ ሳይከፈቱ የሚቀሩት ማንም ስላልጠየቀ ነው።

ርቀትን ራሱን የሚያሳጥረው ቅጂውን ወደ ሰው ማስጠጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው አካማይ ይህን ሥራ ንግድ አድርጎ ጀመረው፤ ዛሬ ክላውድፍሌርን የመሳሰሉ ድርጅቶች በየአገሩ ባስቀመጧቸው ማሽኖች የደንበኞቻቸውን ገጽ ቅጂ ይይዛሉ። ክላውድፍሌር ጅቡቲ፣ ሞምባሳና ናይሮቢ ውስጥ ማሽኖች አሉት፤ ለትንንሽ ድረ ገጾች የሚበቃ ነፃ አገልግሎትም ይሰጣል። የሀዋሳ ጎብኚ ሁልጊዜ ከቅርቡ ማሽን ይስተናገዳል ማለት አይደለም፤ ይሁን እንጂ የገጹን ምስሎች በየጊዜው ከአውሮፓ ከማምጣት እጅግ ይሻላል። ጥቅሙ በፍጥነት ብቻም አያልቅም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ቀይ ባሕር ውስጥ ኤኤኢ-1፣ ኢአይጂና ሲኮም የተባሉት ሦስት ገመዶች ሲቆረጡ የአካባቢው አገሮች ትራፊክ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆኖበት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ቅጂው ከመቆረጫው ወዲህ ያለ ገጽ መከፈቱን ይቀጥላል።

ማሽኑ ሲጨናነቅ ውስጡ ምን ይሆናል?

ገጽ የሚያቀርበው ፕሮግራም ዌብ ሰርቨር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አፓቺ ለብዙ ዓመታት የኢንተርኔት ምሰሶ ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬም በብዙ ሆስቲንጎች ላይ አለ። በቆየው አሠራሩ፣ ለእያንዳንዱ ጎብኚ አንድ ራሱን የቻለ ሠራተኛ ፕሮግራም ይመድባል። ዎርድፕሬስን የመሰለ፣ ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ገጽ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ 50 ሜጋባይት ያህል ሜሞሪ ሊይዝ ይችላል። ኡቡንቱ በተባለው የሰርቨር ሥርዓት ላይ በዚህ አሠራር ተጭኖ የሚመጣው አፓቺ እስከ 150 ሠራተኛ ድረስ እንዲያሰማራ ተፈቅዶለታል። 150 በ50 ሲባዛ 7.5 ጊጋባይት ነው። የተከራየነው ማሽን ሜሞሪ ግን 2 ጊጋባይት ቢሆንስ? ከአርባኛው ጎብኚ በኋላ ማሽኑ ሜሞሪ ስለሚያልቅበት ዲስኩን እንደ ሜሞሪ መጠቀም ይጀምራል። ዲስክ ከሜሞሪ እጅግ የዘገየ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይጎተታል፤ መጨረሻ ላይ መረጃው የተቀመጠበት ዳታቤዝ ራሱ ይወድቃል።

መጀመሪያ የሚደረገው ማስተካከያ የሠራተኞቹን ቁጥር ማሽኑ ወደሚችለው፣ በዚህ ምሳሌ ወደ 25 ወይም 30 ማውረድ ነው። ሰው ሠራተኛ ቀንሰህ እንዴት ታፈጥናለህ ይላል። ነገር ግን 30 ሰው በፍጥነት ተስተናግዶ ሲወጣ፣ የቀረው አጭር ጊዜ ተሰልፎ ይደርሰዋል፤ 150ው በአንዴ ሲገባ ግን ማንም ሳይስተናገድ ማሽኑ ይወድቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ የእኛን አገር ጎብኚ በተለይ ይመለከታል። ደካማ ሲግናል ላይ ያለ ስልክ የ2 ሜጋባይት ገጽ ለማውረድ ግማሽ ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል። ሰርቨሩ መልሱን አዘጋጅቶ ጨርሷል፤ ግን የመደበው ሠራተኛ ስልኩ ዳታውን ቀስ በቀስ እስኪቀበለው ድረስ ተይዞ ይቆያል። ቀርፋፋ መስመር ላይ ያሉ 30 ጎብኚዎች 30ውን ሠራተኛ ሊይዙት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ፣ ገጹ ግን አይከፈትም። ፈጣን መስመር ላለው አገር የተጻፈ የማስተካከያ መመሪያ ይህን ብዙም አያነሳውም። ለእኛ ግን ዋናው ነገር ነው።

መፍትሔውን ያመጣው ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶየቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አካባቢ ባለሙያዎች አንድ ማሽን 10 ሺህ ጎብኚ በአንድ ጊዜ እንዴት ይይዛል የሚለውን ጥያቄ ይከራከሩበት ነበር። ሲሶየቭ እ.ኤ.አ. በ2002 መጻፍ ጀምሮ በ2004 ለሕዝብ የለቀቀው ኤንጂንኤክስ ለእያንዳንዱ ሰው ሠራተኛ አይመድብም፤ ጥቂት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ግንኙነቶችን ይከታተላሉ፤ ዳታ ሊቀበል የተዘጋጀው ስልክ ሲገኝ ብቻ ይልኩለታል። ስለዚህ ዘገምተኛ ስልክ የሚይዘው ጥቂት ኪሎባይት ሜሞሪ እንጂ ሙሉ ሠራተኛ አይደለም። አፓቺን ማስወገድ እንኳ አያስፈልግም፤ ኤንጂንኤክስን ከፊቱ ማቆም ይበቃል። አፓቺ መልሱን በፍጥነት ለኤንጂንኤክስ ያስረክብና ወደ ቀጣዩ ሥራ ይሄዳል፤ ከቀርፋፋው መስመር ጋር የሚቆየው ኤንጂንኤክስ ነው።

አንድ ጊዜ ሠርቶ ማስቀመጥ

እስካሁን ያየነው ሰልፉን ማስተካከል ነው። ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ግን ሥራውን ራሱን በመቀነስ ነው።

ድሮ ውጤት ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ የነበረውን አስቡ። ሬጅስትራሩ አንድ ጊዜ ጽፎ ይለጥፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ሺህ ተማሪ ቢመጣ የሬጅስትራሩ ሥራ አይጨምርም። አሁን ሰሌዳው ይቅርና እያንዳንዱ ተማሪ ቢሮ ገብቶ «የኔን ፈልግልኝ» ይበል፤ ሬጅስትራሩም ለእያንዳንዱ ማህደር ያገላብጥ፣ በወረቀት ጽፎ ይስጥ። ያው ተማሪ ተመልሶ ቢመጣ እንኳ እንደገና ይፈልግ። አብዛኞቹ ድረ ገጾቻችን ዛሬ የሚሠሩት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። የተዘጋጀን መልስ ለሚቀጥለው ጠያቂ አስቀምጦ ማቅረብን ባለሙያዎች ካሽ ይሉታል፤ እኔ እዚህ ቅጂ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የፈተና ውጤት ለዚህ እጅግ የሚመች ነገር ነው፤ ከተለቀቀ በኋላ አይለወጥምና። የአንድ ተማሪ የውጤት ገጽ፣ ያለ ጌጣጌጥ፣ በ5 ኪሎባይት ይጠናቀቃል። 585 ሺህ ገጽ በ5 ኪሎባይት ሲባዛ 2.9 ጊጋባይት ነው፤ የአገሪቱ ተፈታኞች በሙሉ ውጤት በአንድ ተራ ፍላሽ ይገባል ማለት ነው። እነዚህን ገጾች ከመልቀቂያው ሰዓት በፊት አንድ በአንድ አዘጋጅቶ በፋይል ማስቀመጥ ይቻላል። የፋይሉ ስም ከተማሪው ቁጥርና ስም ተዳምሮ፣ በሰርቨሩ ብቻ በሚታወቅ ቁልፍ የሚሠራ፣ ሌላ ሰው ሊገምተው የማይችል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ቁጥር እየቀያየረ የሌላውን ውጤት የሚያይ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ዳታቤዝ የለም፣ ፍለጋ የለም። ኤንጂንኤክስ የተዘጋጀ ፋይል ከሜሞሪ አንሥቶ ሲልክ፣ አንድ መካከለኛ ማሽን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጥያቄ ያስተናግዳል። ቅድም 800 ጥያቄ ያስጨነቀው ያው ማሽን ማለቴ ነው።

የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ውጤትን ከድረ ገጹ ሌላ በ6284 አጭር መልእክትና በቴሌግራም ቦት ማቅረቡ ትክክለኛ እርምጃ ነው። እነዚህ መንገዶች ምስልም ጌጥም ስለሌላቸው የሚልኩት ከአንድ ኪሎባይት ያነሰ ነገር ነው። ከዚህ የሚወጣውን ጥያቄ ማንኛውም ድረ ገጽ አሠሪ ለራሱ ቢያነሳው እወዳለሁ፦ ሰው የፈለገው ነገር በአንድ አጭር መልእክት የሚገባ ከሆነ፣ ገጹ ለምን 3 ሜጋባይት ይሆናል?

አስቀድሞ ሊዘጋጅ የማይችል ገጽም አለ፤ የዜና ገጽ፣ የማስታወቂያ ገጽ፣ የዕቃ ዝርዝር። እዚህ ቅጂው የሚቀመጠው የመጀመሪያው ጠያቂ ሲመጣ ነው፤ ለተወሰነ ጊዜም ይቆያል። የዴንማርኩ ፕሮግራመር ፖል ሄኒንግ ካምፕ ቫርኒሽ የተባለውን ፕሮግራም የጻፈው ቬርደንስ ጋንግ ለተባለ የኖርዌይ ጋዜጣ ድረ ገጽ ነበር። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ ጋዜጣው እስከዚያ በ12 ማሽኖች ይሠራ የነበረውን ቅጂ የማቅረብ ሥራ ወደ 3 አወረደው። ኤንጂንኤክስም ይህንኑ ሥራ በውስጡ ይዟል። ብዙ ሰው የሚገረመው ቅጂው ለ1 ሰከንድ ብቻ ቢቆይ እንኳ የሚያመጣውን ለውጥ ሲያይ ነው። አንድ ዓይነት የዜና ገጽ በሰከንድ 500 ሰው ከጠየቀው፣ ከኋላ ያለው ፒኤችፒና ዳታቤዝ የሚሠሩት 1 ጊዜ ነው፤ 499ኙ ቅጂውን ይወስዳል። ዜናው ቢዘገይ ደግሞ የሚዘገየው በ1 ሰከንድ ነው።

ከዚህ በታችም ሌላ ደረጃ አለ። የሂሳብ ገጽ፣ የተማሪ ገጽ የመሰለው ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ስለሆነ ሙሉ ገጹ በቅጂ አይያዝም፤ ውስጡ ያሉት ክፍሎች ግን ይያዛሉ። የትምህርት ክፍሎች ዝርዝር፣ የክፍያ ተመን፣ የዓመቱ የጊዜ ሰሌዳ ለሁሉም አንድ ነው። እነዚህን ሜሞሪ ውስጥ የሚይዙት እ.ኤ.አ. በ2003 ላይቭጆርናል ለተባለው ድረ ገጽ የተሠራው ሜምካሽድና እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሬዲስ ናቸው። ፒኤችፒም የተተረጎመ ኮዱን በሜሞሪ የሚይዝበት ኦፒካሽ የሚባል ነገር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አብሮት ይመጣል፤ መከፈቱን ማረጋገጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ከሁሉም በታች ዳታቤዙ አለ። እዚህ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ኢንዴክስ ነው። 585 ሺህ መዝገብ ያለበት ሠንጠረዥ ኢንዴክስ ከሌለው፣ አንድ ቁጥር ለማግኘት መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ሊያስስ ይችላል። በቅደም ተከተል የተሠራ ኢንዴክስ ካለው ግን፣ እየከፈለ በመፈለግ በ20 ንጽጽር ገደማ ይደርስበታል። ኢንዴክስ ለመጨመር የሚያስፈልገው አንዲት የትእዛዝ መስመር ናት። ማንኛውንም ሌላ ነገር ከማድረግ በፊት ይህች መታየት አለባት፤ ቅጂ ማስቀመጥ የተበላሸ ፍለጋን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

የግዕዝ ፊደል ክብደት

ስለ መጠን ሲነሳ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የተለየ ጉዳይ አለ። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲን ፊደል 1 ባይት ብቻ ነው የሚይዘው። «ሀዋሳ» የሚለው ቃል 3 ፊደል ቢሆንም 9 ባይት ነው። ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ስለዚህ ከሚመስለው በላይ ይከብዳል።

ደግነቱ ለመጨመቅ ይመቻል። ከሦስቱ ባይቶች የመጀመሪያው ለመደበኛ ፊደሎቻችን ሁሉ አንድ ነው፤ ሁለተኛውም ከስድስት አንዱ ብቻ ነው። ጂዚፕ የተባለው የመጨመቂያ ዘዴ የሚወደው እንዲህ ያለ ድግግሞሽ ነው፤ የጽሑፉን ከግማሽ በላይ፣ አንዳንዴም ሦስት አራተኛውን ሊያስቀር ይችላል። በአማርኛ የሚያትም ሰው ጂዚፕን ሳይከፍት መቅረቱ ከሌላው የበለጠ ይጎዳዋል። አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቅ፦ በኡቡንቱ ላይ የሚጫነው ኤንጂንኤክስ ጂዚፕ ተከፍቶለት ቢመጣም፣ የሚጨምቀው የኤችቲኤምኤል ገጹን ብቻ ነው። ስታይሉ፣ ጃቫስክሪፕቱና ጄሶኑ እንዲጨመቁ የሚያዘው መስመር ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው «ጂዚፕ ክፍት ነው» ብሎ ይተወዋል።

ፎንትም እንዲሁ። የግዕዝ ፎንት ፊደሉ ብዙ በመሆኑ በመቶ ኪሎባይቶች ይመዝናል። የዛሬ ስልኮች የግዕዝ ፊደል አብሯቸው ይመጣል፤ ለርዕስ ውበት ካልሆነ በቀር ለጽሑፉ ሁሉ ሌላ ፎንት ማስወረድ የጎብኚውን ፓኬጅ ያለ ምክንያት መብላት ነው። ስለ ፎቶ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፦ በስልክ የተነሣ የ4 ሜጋባይት የሐይቅ ፎቶ፣ መጠኑ ወደ ስክሪኑ ስፋት ወርዶና ወደ ዌብፒ ተቀይሮ 150 ኪሎባይት ሊሆን ይችላል፤ ዓይን ልዩነቱን አያየውም።

ቅጂ የሚጎዳበት ጊዜ

ቅጂ ሊጎዳ እንደሚችል ሳይናገር ካሽን ብቻ የሚያወድስ ማብራሪያ ጎደሎ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 2015 ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ መሸጫ የጥቃት ትራፊክ ይጎርፍበት ጀመር። ጫናውን ለመቋቋም የቅጂ ደንቡ በችኮላ ተቀየረ፤ ደንቡ ግን የተሳሳተ ነበር። ለአንድ ደንበኛ የተዘጋጀ የግል ገጽ ለሌላው መቅረብ ጀመረ። ሰዎች የማያውቁትን ሰው አድራሻ፣ ኢሜይልና የግዢ ታሪክ አዩ። ባለቤቱ ቫልቭ 34 ሺህ ያህል ደንበኞች እንደተነኩ አስታውቋል።

ስለዚህ ደንቡ ግልጽ መሆን አለበት። ሰው በይለፍ ቃል ገብቶ የሚያየው ገጽ በጋራ ቅጂ ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥም። የባንክ፣ የሆስፒታል፣ የተማሪ ማህደር ገጽ ላይ ሰርቨሩ «ይህ የግል ነው፣ አታስቀምጡት» የሚል ትእዛዝ ከገጹ ጋር መላክ አለበት። ጫና በበዛበት ቀን አዲስ ደንብ መሞከር ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው፤ የስቲም ጉዳትም የመጣው በዚያ ነው። ደንቡ ረጋ ባለ ጊዜ ተጽፎ፣ በሁለት የተለያዩ አካውንቶች ጎን ለጎን ተሞክሮ ይጠብቅ።

ሌላው ጉዳት ያረጀ መረጃ ነው። የምዝገባ ቀን ተቀይሮ፣ ቅጂው የድሮውን ቀን እያሳየ ተማሪ ከቡሌ ሆራ ድረስ በከንቱ ቢመጣ፣ ፍጥነቱ ምን ያደርግለታል? ለዚህ መፍትሔው ማስታወቂያው ሲቀየር ቅጂው ወዲያው እንዲሰረዝ ማድረግ ነው፤ ለዎርድፕሬስ የሚሠሩት የቅጂ ተጨማሪዎች ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ። የማይቀየሩ ፋይሎች፣ ሎጎና ስታይል የመሳሰሉት፣ ለአንድ ዓመት በጎብኚው ስልክ ውስጥ እንዲቀመጡ ማዘዝ ይቻላል፤ ሲቀየሩ የፋይሉን ስም መለወጥ ነው። ቅጂው ጊዜው ባለፈባት ቅጽበት መቶዎች በአንድ ላይ ወደ ዳታቤዙ እንዳይሮጡም ኤንጂንኤክስ አንዱን ብቻ ልኮ ሌሎቹን በአሮጌው ቅጂ እንዲያቆያቸው ማድረግ ይቻላል። ይኸው አሠራር ዋናው ማሽን መብራት ጠፍቶበት ቢቆም፣ ከፊቱ ያለው ሌላ ማሽን የመጨረሻውን ቅጂ ማሳየቱን እንዲቀጥል ያስችላል። ሰርቨሩን ቢሮው ውስጥ ያስቀመጠ ድርጅት ለዚህ ብቻ እንኳ ቅጂውን ውጭ ማኖር ይገባዋል።

ሀዋሳ ላለ ሰው

ሰርቨሩ የት ይሁን ለሚለው ጥያቄ መልሱ ጎብኚው ያለበት ነው። እንግዳው ከአዲስ አበባ ለቅዳሜና እሑድ የሚመጣ የሐይቅ ዳር ሆቴል፣ አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ይጠቅመዋል፤ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ ያሉ የዳታ ማዕከሎች ከተከፈቱ ወዲህ አማራጩ ሰፍቷል። የሲዳማ ቡና ላኪ ግን ገዢው ጀርመን ወይም አሜሪካ ነው ያለው፤ እሱ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ቢይዝ አይሳሳትም። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ፣ ተማሪው ከየክልሉ የሚመጣለት ተቋም፣ ገጹን አገር ውስጥ አድርጎ ለውጭ ተመራማሪዎች ቅጂ ቢያሰራጭ ሁለቱንም ያገኛል።

ድረ ገጽ ለሚሠራላችሁ ልጅ «ፈጣን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ አዎ ይላችኋል፤ ለእሱ ፈጣን ነው። ላፕቶፑ ጥሩ ነው፣ የቢሮው ዋይፋይ ጥሩ ነው፣ ብሮውዘሩም ቅጂውን ይዞታል። ይልቅ ርካሽ አንድሮይድ ስልክ ውሰዱ፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ በሞባይል ዳታ ማታ፣ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ባለበት ሰዓት፣ ቀድሞ ገብታችሁበት የማታውቁትን ገጽ ክፈቱ። የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት፤ ጎግል ጥሩ የሚለው መለኪያ ይህ ነው። ማያው ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆኖ ቆይቶ ከዚያ ሁሉም በአንዴ ከመጣ፣ የዘገየው ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ ነው፤ ገጹን ለማዘጋጀት ተቸግሯል፣ ቅጂ የለውም ወይም ዳታቤዙ ኢንዴክስ ይጎድለዋል። ጽሑፉ ቶሎ መጥቶ ምስሎቹ ከላይ ወደ ታች እየተጎተቱ ከመጡ፣ ፋይሎቹ ከብደዋል። ዘግታችሁ ዳግመኛ ስትከፍቱት ከመጀመሪያው ካልፈጠነ፣ ሰርቨሩ ስልኩን ምን እንዲያስቀምጥ አላዘዘውም። ብቻችሁን ስትከፍቱት ፈጥኖ፣ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ሲከፍተው ከቆመ ደግሞ፣ የሠራተኞቹን ቁጥርና ሜሞሪውን አስቆጥሩ።